ዛፍ ሲቆስል ምን ያደርጋል? ለጠየቀችኝ ተማሪና ለጓደኞቿ

ውድ ልጆች፣

ባለፈው ሰሞን አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጋብዘውኝ ስለ ተክሎች ኬሚስትሪ አውርቼ ነበር። ስጨርስ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ተክል ሲቆረጥ ያመዋል እንዴ?» አለችኝ። ጓደኞቿ ሳቁባት። ሰዓቱ አልቆ ስለነበር አጭር መልስ ሰጥቻት ወጣሁ። ጥያቄው ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ከብዙ ዓመት በፊት መተማ ቆላ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ስለዚሁ ነገር ያሳዩኝ ነበር። የእሳቸው ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ልጅቷ ያንን ቁጭት ቀሰቀሰችብኝ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ያቋረጥኩትን መልስ ልጨርስ። እንደ እኛ ሕመም የሚሰማው ነርቭና አንጎል ያለው ፍጡር ነው። ተክል ሁለቱም የሉትም። ስለዚህ «ያመዋል» አልልም። መቁሰሉን ግን ያውቃል። በደንብ ያውቃል። የተቀደደው ቅጠል ብቻ ሳይሆን ያልተነኩት ቅጠሎችም ይሰማሉ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ማሳትሱጉ ቶዮታ እና ሳይመን ጊልሮይ ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን በዓይን አሳዩን። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) ሴሉ ውስጥ ካልሲየም ሲጨምር የሚያበራ ተክል አዘጋጁ። ከዚያ አባጨጓሬ ለቀቁበት። ብርሃኑ ከተነከሰው ቦታ ተነስቶ በቅጠሉ የደም ሥር መሰል ቱቦዎች አልፎ ወደ ሌሎቹ ቅጠሎች ሲሮጥ በቪዲዮ ይታያል። ፍጥነቱ በሰከንድ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። መልእክቱን የሚያስነሳው ከተሰበሩት ሴሎች የሚፈስ ግሉታሜት የሚባል ውሁድ ነው። ይኸው ግሉታሜት በእኛ አንጎል ውስጥም በነርቮች መካከል መልእክት ያደርሳል። ቪዲዮውን ፈልጋችሁ እዩት። ስልካችሁ ላይ ከምታዩት ብዙ ነገር ይበልጣል።

መልእክቱ የደረሰው ቅጠል ጃስሞኒክ አሲድ የሚባል ሆርሞን ይሠራል። የሚሠራው ከገዛ ራሱ የሴል ሽፋን ስብ ነው። ሆርሞኑ ተኝተው የነበሩ ጂኖችን ይቀሰቅሳል። ለምሳሌ ቲማቲም ሲቆስል የነፍሳትን የምግብ መፍጫ ኢንዛይም የሚያስር ፕሮቲን ያመርታል። ነፍሳቱ ይበላሉ፣ የበሉት ግን አይፈጭላቸውም። እድገታቸው ይቀጭጫል። ይህን በ1972 ያሳዩት በአሜሪካ ዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ክላረንስ ራያን እና ተማሪያቸው ግሪን ናቸው። ጥንዚዛ አንዱን ቅጠል ሲበላ ፕሮቲኑ ባልተበላው ቅጠል ውስጥም ተከማችቶ አገኙት። የሩቁ ቅጠል ሳይነካ ተዘጋጅቷል ማለት ነው። መልእክት አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ መተማ ልውሰዳችሁ።

ወጣት ባለሙያ ነበርኩ። ኬሚስትሪ ተምሬ ከወጣሁ ገና ብዙም አልቆየሁ። የላከን መሥሪያ ቤት «የዕጣን ምርት እንዴት እንደሚጨምር አጥንታችሁ ኑ» ነው ያለን። ምርት ነው የተባልነው። ስለ ዛፉ ማንም አልጠየቀንም።

ከጎንደር ወደ ሱዳን ድንበር ስትወርዱ ቆላው ይቀበላችኋል። በበጋ ሙቀቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። የዕጣን ዛፍ፣ የትግራይ ሰው መቀር የሚለው፣ የሚወደው እንዲህ ያለውን ቦታ ነው። ድንጋያማ ተዳፋት ላይ፣ አፈሩ ስስ በሆነበት፣ ሌላው ዛፍ በሚሸሽበት ይቆማል። የውጭ ቅርፊቱ በስሱ እየተላጠ ይነሳል። በበጋ ቅጠሉን ሁሉ ያረግፋል። ቅጠል ሳይኖረው ያብባል። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት የሞተ መስሎኝ ነበር።

ሥራው የሚጀምረው ዝናቡ ሲያበቃ፣ ጥቅምት አካባቢ ነው። ሠራተኛው መንጋፍ የሚባል ትንሽ ስለታም መሣሪያ ይዞ ተዳፋቱን ይወጣል። ከግንዱ ላይ ቅርፊቱን በስሱ ያነሳል። ጥሩ ሠራተኛ እንጨቱን አይነካም። ወዲያው ነጭ ፈሳሽ ይወጣል። አየር ሲያገኘው ይደርቃል። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ የደረቀውን ይለቅማል። ያንኑ ቁስል እንደገና በስሱ ያድሰዋል። ቁስሉ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ይሰፋል። ክረምቱ እስኪገባ ድረስ እንዲህ ነው።

ቤታችሁ ቡና ሲፈላ የምታጨሱት ዕጣን ከዚህ ነው የሚመጣው። ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ ያለ ዘመዳችሁ የሚያጨሰውም ያው ነው። ግን ዛፉ ዕጣኑን የሠራው ለቡናችን አይደለም። ለቁስሉ ነው። በውስጠኛው ቅርፊት ውስጥ ቀጫጭን የሙጫ ቱቦዎች አሉ። አንዳንዶቹ ከታች ወደ ላይ፣ አንዳንዶቹ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሄዳሉ፤ እርስ በርስም ይገናኛሉ። ቅርፊቱ ሲቆረጥ ቱቦዎቹ ይከፈቱና ሙጫው ወደ ቁስሉ ይፈስሳል። ቀላሉ ክፍል ይተናል። የሚሸተን እሱ ነው። በዚህ ዛፍ ዕጣን ዘይት ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ኦክታይል አሲቴት የሚባል ውሁድ ነው። ከባዱ ክፍል፣ ቦስዌሊክ አሲድ የሚባሉት ያሉበት፣ ቁስሉ ላይ ይረጋል፣ ይጠነክራል። ሻጋታና ነፍሳት እንዳይገቡ መንገዱን ይዘጋል።

ከእኛ ጋር ከተመደቡት ለቃሚዎች አንዱ ሽማግሌ ነበሩ። ሁላችንም «አባባ» ነበር የምንላቸው። ከደጋ ናቸው። በየበጋው ወደ ቆላ እየወረዱ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት። ፊደል አልቆጠሩም። ትንሽ ውኃ በጀሪካን ይዘው፣ መንጋፉን ወገባቸው ላይ ሻጥ አድርገው ከሁላችንም ቀድመው ይወጣሉ። ቅርፊቱን መላጥ ከመጀመራቸው በፊት ግንዱን በእጃቸው መዳበስ ልማዳቸው ነው። አንዳንዱን ዛፍ ይዳብሱትና ዝም ብለው ያልፉታል።

አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። «አባባ፣ ይኼኛው ለምን ቀረ?»

«እሱ ደክሞታል፣ ልጄ። አምና ነው ያለቀው።»

«ቢላጥስ አይሰጥም?»

«መስጠቱንስ ይሰጣል። እሱ መቼ እምቢ ይላል? ግን ይጎዳል።»

ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። ሌላ ቀን ደግሞ የመጀመሪያው ዙር ብዙ እንደማይሰጥ ነገሩኝ። «ገና አልነቃም» አሉኝ። ሦስተኛው አራተኛው ላይ ነው ዛፉ የሚፈስሰው። ወደ በጋው መጨረሻ ደግሞ ይቀንሳል። ቁስል ማብዛትም ከልክ ካለፈ ጥቅም የለውም አሉኝ። ግንዱን ብትቦጫጭቀው የምታገኘው ያው ነው፣ ዛፉ ነው የሚሞትብህ አሉ።

ዛሬ ላይ ሆኜ የተናገሩትን ሳስበው ይገርመኛል። በእኛ ሙያ መከላከያን በሁለት እንከፍለዋለን። አንዱ ከቁስሉ በፊት ተሠርቶ የተቀመጠ ነው። ሌላው ከቁስሉ በኋላ የሚቀሰቀስ ነው። ስፕሩስ የሚባለውን የሰሜን አውሮፓ ዛፍ ቅርፊት ሜቲል ጃስሞኔት ብትቀቡት፣ ሳይቆስል የቆሰለ ያህል አዳዲስ የሙጫ ቱቦዎች ይሠራል። ሜቲል ጃስሞኔት የዚያ ቅድም የነገርኳችሁ ሆርሞን ዘመድ ነው። መጀመሪያ የታወቀውም ከጃስሚን አበባ ሽቶ ነው። አባባ «ገና አልነቃም» ሲሉ የሚናገሩት ስለዚህ ዓይነት ነገር ይመስለኛል። ሆርሞኑን አያውቁትም። የሚያደርገውን ግን በጣታቸው ያውቁታል።

ከሁሉ በላይ የማልረሳው ፍሬውን ያሳዩኝ ቀን ነው። በጋው ገፍቶ ነበር። ገደል አፋፍ ላይ ወዳሉ ዛፎች ወሰዱኝ። እዚያ ለመላጥ የሚወጣ ሰው የለም፤ እግር አያስቆምም። ከሥራቸው የወደቀ ፍሬ ለቀሙ። ተመልሰን ደግሞ በየዓመቱ ከሚላጡት ዛፎች ሥር ለቀምን። ጥላ የሚባል የለም፤ አንድ አለት ላይ ተቀመጡና ፍሬዎቹን በድንጋይ እየሰበሩ መዳፌ ላይ ያስቀምጡ ጀመር። የገደሉ ፍሬ አብዛኛው ሙሉ ነው። የእኛው አብዛኛው ባዶ ነው። ያለውም የተጨማደደ፣ የቀጨጨ።

«አየህ» አሉኝ። «ዕጣኑን ለቁስሉ ሰጠ። ለልጁ ምን ተረፈው?»

ከዚያ ዙሪያዬን እንዳይ ነገሩኝ። አየሁ። ያ ሁሉ ዛፍ ሽማግሌ ነው። አንድም ጉልበቴ ድረስ የሚደርስ ልጅ ዛፍ የለም። ስንት ጊዜ ሄጄበት ያንን አላስተዋልኩም ነበር። ዓይኔ ግንድ ላይ ነበር፤ ከግንድ የሚወጣውን ነበር የምመዝነው።

ማታ በፋኖስ ዕቅድ ጻፍኩ። የተወሰኑ ዛፎችን ማሳረፍ፣ የተወሰኑትን በልክ መላጥ፣ የተወሰኑትን እንደተለመደው መላጥ። ከዚያ የሁሉንም ፍሬ ሰብስቦ ማብቀል። አባባ ዛፎቹን ይመርጡልኛል ብዬ ነበር። ከእሳቸው ጋር እየዞርን ምልክት አደረግንባቸው። ደስ ብሏቸው ነበር። ይህን የጠየቃቸው ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

መልሱ ከዋናው ቢሮ መጣ። ጥናቱ የምርት ጥናት ስለሆነ ዘርን አይመለከትም ተባለ። ገንዘቡ ወደ ሌላ ሥራ ዞረ። እኔም ወደ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ተዛወርኩ። ሪፖርቱ ውስጥ የገባው የኪሎ ቁጥር ብቻ ነው። ከዓመታት በኋላ በሌላ ሥራ ወደዚያ አካባቢ መሄድ ቻልኩ። ተዳፋቱ ሥር የነበረው ደን ተመንጥሮ ሰሊጥ ተዘርቶበታል። አባባም አርፈዋል። ከእሳቸው ጋር ይሠሩ ከነበሩት አንዱን አግኝቼ ነው የሰማሁት። የማን ዛፍ መቼ እንደደከመ፣ የትኛው ሸንተረር ስንት ዓመት እንዳረፈ፣ ያ ሁሉ እሳቸው ጋ ነበር። ከእሳቸው ጋር ሄደ።

በ2006 ኤርትራ ውስጥ በዚሁ ዛፍ ላይ የተሠራ ጥናት ታተመ። ክፉኛ ሲላጡ ከኖሩ ዛፎች የተሰበሰበ ዘር የበቀለው 16 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ካልተላጡት የተሰበሰበው ግን ከ80 በመቶ በላይ በቅሏል። አነበብኩት፣ ደገምኩት። አባባ አለቱ ላይ የሰበሩት ፍሬ ቁጥር ሆኖ መጣ። በ2019 ደግሞ ኢትዮጵያውያን ያሉበት የተመራማሪዎች ቡድን ሰፊ ጥናት አወጣ። ካዩዋቸው የዕጣን ደኖች ከ75 በመቶ በሚበልጡት ውስጥ ትንንሽ ዛፍ የለም። ለአሥርተ ዓመታት አዲስ ዛፍ አልተተካም። ነገሩ እንዲህ ከቀጠለ በ20 ዓመት ውስጥ የዕጣን ምርቱ በግማሽ እንደሚወርድ ነው የተነበዩት።

ፍትሐዊ ልሁን። ዛፉን የሚያጠፋው መላጥ ብቻ አይደለም። የሰደድ እሳት አለ። ችግኙን የሚበላ ከብት አለ። ለእርሻ የሚመነጥር አለ። ግንዱን እየቦረቦረ የሚገድል የጥንዚዛ እጭም አለ። ግን ልብ በሉ። የደከመ ዛፍ ሙጫው ሲያንስ ያንን ጥንዚዛ በምን ይከላከላል?

ለዚህ ነው ይህን ነገር የማጠብቀው። መከላከያ በነፃ አይመጣም። ተክል መሸሽ አይችልም፤ ስለዚህ በኬሚስትሪ ይዋጋል። ኬሚስትሪው ደግሞ ከስኳሩ ነው የሚወጣው። ያ ስኳር ለሥር፣ ለቅጠል፣ ለዘርም ያስፈልጋል። የዕጣን ዛፍ ደግሞ የሚላጠው ቅጠል በሌለው ጊዜ ነው። አዲስ ምግብ አያበስልም። ከጎተራው እያወጣ ነው የሚሰጠን።

ብዙ ተክሎች ይህን ወጪ ለመቀነስ መሣሪያቸውን እስኪቆስሉ ድረስ አይገጣጥሙትም። ሰናፍጭን ውሰዱ። ፍሬው ውስጥ ሲኒግሪን የሚባል ነገር አለ፤ ብቻውን አያቃጥልም። ማይሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይምም አለ። ተክሉ ጥይቱን ከጠመንጃው እንደሚለይ ሰው ሁለቱን ለየብቻ ነው የሚያስቀምጣቸው። ስትፈጩትና ውኃ ሲነካው ይገናኛሉ። አፍንጫ የሚወጋው ያኔ ይወለዳል። ቤት ውስጥ ሞክሩት። የተፈጨ ሰናፍጭ ለሁለት ክፈሉ። አንዱን በቀዝቃዛ ውኃ፣ ሌላውን በፈላ ውኃ ለውሱ። ጥቂት ቆዩና አሽቱ። የፈላው ይለዝባል፤ ሙቀት ኢንዛይሙን ገድሎታልና። እናቴ ሰናፍጭ በቀዝቃዛ ውኃ ነበር የምታዘጋጀው። ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ ነው። ሳይላጥ እጃችሁ ላይ ብትይዙት እዚህ ግባ የሚባል ሽታ የለውም። ሲወቀጥ አሊሲን ይሠራና ቤቱን ያውደዋል። ቀይ ሽንኩርት ስትከትፉ የሚያስለቅሳችሁም በዚሁ መንገድ፣ ቢላዋው ካለፈ በኋላ የሚፈጠር ጋዝ ነው።

ለበዓል የሚጎዘጎዘው ሣር ሽታም የቁስል ሽታ ነው። ሣሩ ሲታጨድ ከሴሎቹ ሽፋን ስብ እየተቆረጠ የሚተን ነው። ለጎረቤት ተክልም፣ ለነፍሳትም ወሬ ያደርሳል። በ1990 እንደታየው፣ በቆሎ አባጨጓሬ ሲበላው የሚያወጣው ሽታ ጥገኛ ተርቦችን ይጠራል። ተርቧ መጥታ አባጨጓሬው ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች። በ2011 ደግሞ አማኑኤል ታምሩ እና ባልደረቦቻቸው አንዳንድ ነባር የበቆሎ ዘሮች የአባጨጓሬው እናት የሆነችው የእሳት ራት እንቁላል ገና ስትጥልባቸው ተርብ እንደሚጠሩ አሳዩ። ያዩዋቸው የንግድ ድቅል ዘሮች ግን ይህን አላደረጉም። ነባር ዘር ጣሉ ሲባል የምናደደው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተናገርኩ አይወጣልኝም። በየስልኩ «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» እየተባለ ቅጠል ሲሸጥ አያለሁ። ወጣቶች እየገዙ ይጠጣሉ። ተፈጥሯዊ ማለት ምንም ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ይህ ኬሚስትሪ የተሠራው ለመጉዳት ነው። ለጋ ማሽላ የበላ ከብት ሊሞት እንደሚችል ገበሬው ሁሉ ያውቃል። ቅጠሉ ሲታኘክ ዱሪን የሚባለው ነገር ተሰብሮ ሳይናይድ ይወጣል። የቅንጭብ ወተት ዓይን ከገባ ምን እንደሚያደርግ አጥር የቆረጠ ሰው ይንገራችሁ። መድኃኒት ከተክል ይገኛል፤ እኔም ዕድሜዬን የፈጀሁት በዚያ ነው። ግን በልኩ፣ በተመረመረ መንገድ። የዘንድሮ ልጆች ፈጣን ናችሁ። ከእኛ ይልቅ ብዙ ታውቃላችሁ። ድምዳሜ ላይ ግን ትቸኩላላችሁ።

በዚሁ የእንዶድን ነገር ላንሳ። ሳይንቲስቱን አክሊሉ ለማን ታውቋቸዋላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። በ1964 አድዋ ነበሩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን እያጠኑ ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ አዩ። ከዚያ የተነሳው ሥራ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት ለእሳቸውና ለባልደረባቸው ለለገሠ ወልደዮሐንስ አስገኘ። ከፍሬው የተገኘው ገዳይ ውሁድም ለማቶክሲን ተብሎ በስማቸው ተሰየመ።

እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ ግን የኬሚስትሪው ክፍል ነው። ባልተወቀጠው የእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን የሚባል ሳሙና መሰል ውሁድ ቀንድ አውጣ አይገድልም። ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ሲነካው የራሱ ኢንዛይም ከሳፖኒኑ ላይ የስኳሩን አንድ ወገን ይቆርጣል። ገዳይ የሚሆነው ያኔ ነው። ፍሬውን በአልኮል ብትዘፈዝፉት ኢንዛይሙ ስለሚቆም ያንን አታገኙም። እናቶቻችን ግን መውቀጥና በውኃ መበጥበጥ ነበር ልማዳቸው። ትክክለኛው መንገድ እጃቸው ላይ ነበር። አክሊሉ ለማ ወንዙ ዳር ቆመው ያንን እጅ አዩ። መሥሪያ ቤት ሳይልካቸው የማያዩ ሰው አልነበሩም።

እና ምን ልምከራችሁ? አንብቡ፣ እንግሊዝኛችሁን አሻሽሉ፣ ሒሳብ አትፍሩ የሚለውን ሁሉም ይነግራችኋል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ከተክል ጋር መሥራት የምትፈልጉ ከሆነ፣ ተክሉን በየቀኑ ከሚቆርጠው ሰው ጋር ዋሉ። ዕጣን ከሚለቅመው፣ እንሰት ከሚፍቀው፣ ቡና ከሚገርዘው ጋር። አዲስ አበባ የዕጣን መጋዘን ውስጥ ዕጣን የሚለዩ ሴቶች አሉ። በመጠንና በቀለም በደረጃ ይለዩታል። አንዷ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ከየት አገር እንደመጣ ስትነግረኝ ነበር። እኔ ለዚያ ማሽን ያስፈልገኝ ነበር። ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ጥያቄ አይከፈልበትም።

ስልክ ላይ ትጠፋላችሁ ብዬ ብዙ ጊዜ እቆጣለሁ። እዚህ ላይ ግን ስልካችሁን ተጠቀሙበት። እኔ ቴፕ እንኳ አልነበረኝም። የሽማግሌውን ድምፅ ቅዱ። የሚላጠውን ግንድ ፎቶ አንሱ፣ ቦታውን መዝግቡ፣ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ግንድ ደግማችሁ አንሱ። ስማቸውንም ጻፉ። «የአካባቢው ነዋሪዎች እንደሚሉት» የሚለው አረፍተ ነገር ያበሳጨኛል። ነዋሪው ስም አለው። ፈቃዱን ጠይቁና ስሙን ወረቀቱ ላይ አስፍሩት።

ሳትዘጋጁ ወደ ሜዳ አትውጡ ብዬ ለተማሪዎቼ ስናገር ኖሬአለሁ። ዛሬ ደግሞ በተቃራኒው ሳላነብ ብሄድ ኖሮ ያንን ችግኝ አልባ ተዳፋት ቶሎ አየው ነበር እላለሁ። ሁለቱንም እውነት ነው የምላችሁ። የተዘጋጀ ሰው የሚፈልገውን ያያል፤ ያልተዘጋጀ ደግሞ ያየውን አያውቀውም። ስለዚህ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ አንዱ ያነበበ፣ አንዱ ያላነበበ።

ገንዘብ ስጡን ብላችሁ አትጠብቁ ማለት ግን አልችልም። ያለ ገንዘብ ብዙ ሥራ ይሞታል፤ የእኔም እንዲያ ሆኗል። የሚያግዝ ዩኒቨርሲቲ ፈልጉ። ጎንደርም መቀሌም ለዛፉ ቅርብ ናቸው።

አንድ የሚሠራ ሥራ አለኝ፤ ለሚወስደው ልስጠው። መተማም ሁመራም አበርገሌም ይሁን፣ የዕጣን ዛፍ ባለበት ጥቅምት ላይ ጀምሩ። ለቃሚዎቹን አማክሩና ዛፎች ምረጡ፤ የደከመ የሚሉትንም፣ ያረፈ የሚሉትንም ጨምሩ። የእያንዳንዱን ዛፍ ሙጫ በየዙሩ ለየብቻ በትንሽ ዕቃ አስቀምጡ። ዙሩን፣ ቀኑን፣ የላጠውን ሰው ስም ጻፉበት። ላቦራቶሪ ወስዳችሁ ዘይቱን በጋዝ ክሮማቶግራፊ፣ ማለትም ውሁዶቹን አንድ በአንድ ለይቶ በሚያሳይ መሣሪያ፣ አስመርምሩ። ከዙር ወደ ዙር የሚለወጠው መጠኑ ብቻ ነው ወይስ ኬሚስትሪውም? ከዚያ ፍሬው ሲደርስ ከነዚያው ዛፎች ዘር ሰብስባችሁ አብቅሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጉ፣ ዛፉ ለቁስሉ የሰጠውንና ለዘሩ የሰጠውን። የመጀመሪያውን ዙር ሙጫ ደግሞ አደራ አትናቁት። ትንሽ ስለሆነ ለቃሚው ራሱ ብዙም አይጓጓለትም። ዛፉ ገና ሳይነቃ ያለውን የሚነግራችሁ ግን እሱ ብቻ ነው። ሌላው ዙር ሁሉ ከእሱ ጋር ነው የሚነጻጸረው።